ጥርስ ተነቅሎ ሕመሙ ያልተነቀለ እንደ ሆነ

ለመምህራንና ለከተማ ነዋሪዎች በየወሩ በሚደርሰው በዚህ ጽሑፍ ስለ ጥርስ ንጽሕና ደጋግመን አመልክተናል። ጥርስን በመፋቂያም ሆነ በቡሩሽ ጧትና ማታ ማጽዳት፣ ጣፋጭ ነገርን መቀነስ፣ የተቦረቦረውንም ጥርስ ሳይብስ ለሐኪም ማሳየት እንደሚገባ የዘወትር አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ያ ምክር ዛሬም የጸና ነው። ሆኖም በምክራችን ውስጥ አንድ ጉድለት እንደ ነበረ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ይኸውም ጥርሴን አመመኝ የሚል ሰው ሁሉ በእርግጥ የታመመው ጥርሱ እንደ ሆነ አድርገን መጻፋችን ነው።

ጥርሱ ደኅና ሆኖ ሳለ ስሜትን ወደ አንጎል የሚወስደው መንገድ የሚታመምበት ጊዜ አለ። ይህን መንገድ ሐኪሞች ነርቭ ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ የስሜት ጅማት ብንለው ይስማማዋል። ይህ ነርቭ ሲጎዳ ሕመሙ የሚሰማው በጥርስ ላይ ነው። ሕመምተኛውም በጣቱ ጥርሱን ያመለክታል፤ ነቃዩም የተመለከተውን ይነቅላል፤ ሕመሙ ግን ከጥርሱ ጋር አብሮ አይወጣም። ስለዚህ ሕመምተኛው በሌላ ቀን ቀጣዩን ጥርስ ያመለክታል።

አስተያየቴን አስቀድሜ ልናገር፦ አንድ ሰው ለሕመሙ አንድ ጥርስ አስነቅሎ ያው ሕመም እንዳለ ቢቀጥል፣ የሁለተኛው ጥርስ ጥፋት በዓይን ወይም በራጅ ተለይቶ ሳይታይ መነቀል የለበትም። ይህን የሚቃወሙ የሥራ ባልደረቦች እንዳሉኝ አውቃለሁ። ራጅ በማይገኝበት ቦታ ሕመምተኛን በሥቃዩ መመለስ ጭካኔ ነው ይሉኛል። እኔ ግን ደኅናውን ጥርስ ነቅሎ ከነሥቃዩ መመለሱ የባሰ ጭካኔ ሆኖ ይታየኛል።

ነገሩን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በውጭ አገር ትምህርቴን ፈጽሜ በተመለስሁበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆን አንዲት በርበሬ ነጋዴ ወደ እኔ መጡ። በቀኝ በኩል ካሉት የላይ መንጋጋዎቻቸው ሁለቱ ቀደም ብለው ተነቅለው ነበር። «ልጄ፣ አሁን ደግሞ ሦስተኛዋ ጀመረችኝ» አሉኝ። ሕመሙ ምን ዐይነት እንደ ሆነ ስጠይቃቸው፣ «ነጠላዬ ጉንጬን ሲነካኝ እንኳ ይነዝረኛል፤ እንደ መብረቅ መጥቶ ይሄዳል» ሲሉ መለሱልኝ። እኔ ግን በካርዳቸው ላይ «የጥርስ ሕመም» ብዬ ጻፍሁና ወደ ጥርስ ክፍል ላክኋቸው። ሦስተኛዋም ጥርስ ወጣች። በኋላ ተቀብዬ አየኋት፤ ነቁጥ የሌለባት፣ ሥሯም የጠራ ጥርስ ነበረች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ሲመጡ እጅግ ከስተው ነበር። ማኘክ ስለ ፈሩ አጥሚት ብቻ ይጠጡ ነበር። ሲያነጋግሩኝ ድንገት ቃላቸው በመካከል ተቆረጠ፤ ፊታቸው ወደ አንድ ወገን ተኮማተረ፤ መዳፋቸውንም አንሥተው በጉንጫቸው ፊት ለፊት አቆሙት፤ ግን አልነኩትም። ቢቈጠር ከዐሥር የማያልፍ ጊዜ ነው። ወዲያው አለፈና ያቋረጡትን ቃል ጨረሱ። ጥርሱን የሚያመው ሰው ጉንጩን ይደግፋል፣ ይጫነዋል፣ በሻሽ ያስረዋል። እሳቸው ግን ጉንጫቸውን ከገዛ እጃቸው እንኳ ሳይቀር ይጠብቁት ነበር። ይህን ልዩነት በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም ወድቄበት አላውቅም። በካርዱ ላይ በምጽፍበት ጊዜ ግን አላሰብሁትም።

የፊታችንና የአፋችን ስሜት የሚጓዘው፣ ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች 5ኛው በሆነው ነርቭ ነው። በግራና በቀኝ አንዳንድ ሆኖ የተዘረጋ ሲሆን፣ እያንዳንዱ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ለግንባርና ለዓይን ነው፤ ሁለተኛው ለጉንጭ፣ ለላይኛው ከንፈርና ለላይ ጥርሶች፤ ሦስተኛው ደግሞ ለታችኛው መንጋጋ፣ ለታች ጥርሶችና ለአገጭ ነው። በድሮው የስልክ ማዞሪያ ዘመን ከአንድ ቤት የሚመጣ ሽቦ በመንገድ ላይ ሽፋኑ ቢላጥና ከሌላ ነገር ጋር ቢነካካ፣ በቤቱ ውስጥ ማንም ሳይደውል በማዞሪያው ምልክት ሊሰማ ይችል ነበር። የማዞሪያው ሠራተኛም ጥሪው ከዚያ ቤት እንደ መጣ ከማሰብ በቀር ሌላ ማወቂያ አልነበረውም። አንጎልም እንዲሁ ነው፤ ነርቩ በየትኛውም ቦታ ቢቈስል ጥሪውን የሚቈጥረው ከጥርሱ እንደ መጣ አድርጎ ነው። እግሩ የተቈረጠ ሰው በሌለው እግሩ ጣት ላይ ሕመም የሚሰማው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ጥርሱም ቢነቀል ሕመሙ ባዶ በቀረው ድድ ላይ ይቀጥላል።

በእኒያ ነጋዴ ላይ የደረሰው በሕክምና ቋንቋ የአምስተኛው ነርቭ ሕመም፣ በውጭ ቋንቋ ትራይጀሚናል ኒውራልጂያ የሚባለው ነው። በብዙዎቹ ሕመምተኞች ዘንድ ምክንያቱ ይታወቃል፦ ነርቩ ከአንጎል ሥር በሚወጣበት ቦታ አንድ የደም ቧንቧ ይደገፍበታል፤ ልብ በመታ ቍጥር እየመታውም ሽፋኑን ያሳሳዋል። በጥቂቶች ደግሞ ዕጢ ወይም የነርቭን ሽፋን የሚበላ ሌላ በሽታ ይገኛል። ሕመሙ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ቀዶ ጠጋኝ ኒኮላ አንድሬ እ.ኤ.አ. በ1756 ዓ.ም. ስም አውጥቶለታል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፎዘርጊልም በዚያው ክፍለ ዘመን ምልክቶቹን አምልቶ ጽፏል። ሕመሙ የሚበዛው ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ባለፈ ሰዎች ነው፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን፣ ከግራ ይልቅም ቀኝን ያጠቃል። ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ አይደለም። የያዘው ሰው ግን አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጥርስ ነቃይ ነው።

አማርኛችን በዚህ ነገር ሀብታም መሆኑን ልብ ያልሁት ዘግይቼ ነው። ካናዳዊው ሊቅ ሮናልድ ሜልዛክ ሕመምተኞች ስለ ሕመማቸው የሚናገሩባቸውን ቃላት ሰብስቦና ለይቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. አንድ መጠይቅ አሳትሟል፤ እኔም በውጭ አገር ሳለሁ በዚያ መጠይቅ ተለማምጃለሁ። ወደ አገሬ ስመለስ ግን ሕመምተኞቼ ያለ መጠይቅ እንደሚናገሩት አገኘሁ። «ጠዘጠዘኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው በእርግጥ ስለ ጥርስ ነው፤ በጥርሱ ውስጥ ያለው ለስላሳ ሥጋ ሲቈጣ ወይም ከሥሩ መግል ሲቋጥር እንደ ልብ ምት የሚጠዘጥዝ ሕመም ይሰማልና። «ነዘረኝ» የሚል ሰው ስለ ነርቭ መናገሩ ሊሆን ይችላል። «ይለበልበኛል፣ ይጠቀጥቀኛል፣ ጉንዳን እንደሚሄድበት ይወረኛል፣ ደንዝዟል» የሚል ሰውም እንዲሁ። ቃሉ ብቻውን ፍርድ አይሆንም፤ ዳኛው ግን ሊሰማው የሚገባ ምስክር ነው። እኔ ምስክሩ ቆሞ ሳለ «የጥርስ ሕመም» ብዬ ፈረድሁ።

ከቃሉ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ሕመሙ የሚቈይበት ጊዜና የሚቀሰቅሰው ነገር ነው። የጥርስ ሕመም ቀዝቃዛ ውሃ ወይም ትኩስ ሻይ ሲነካው ይነሣል፤ የቀሰቀሰው ነገር ከሄደም በኋላ ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት ይቈያል፤ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ ሐኪሙ ጥርሱን በብረት ሲያንኳኳውም ሕመምተኛው ይጮኻል። የአምስተኛው ነርቭ ሕመም ግን ከቅጽበት እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያም ተመልሶ ይመጣል፤ በቀን ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። የሚቀሰቅሰውም ሌላውን ሰው የማያሳምም ቀላል ነገር ነው፦ ፊት መታጠብ፣ ጢም መላጨት፣ ጥርስ መፋቅ፣ መናገር፣ ማኘክ፣ በጧት ከቤት ሲወጡ የሚነካ ነፋስ። እንቅልፍ የያዘውን ሰው ግን እምብዛም አይቀሰቅስም። ሕመሙ አንድ ወገን ይይዛል እንጂ ከቀኝ ወደ ግራ አይሻገርም። መምህራን በዚህ በሽታ ቢያዙ ችግሩ ይብስባቸዋል፤ መናገር ሥራቸው ነውና።

በዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ጠባይ አለው። ይህ ሕመም በራሱ ጊዜ ለሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ለወራት ያርፋል። ሲያርፍ ምስጋናው የሚሰጠው ከማረፉ በፊት መጨረሻ ለተደረገው ነገር ነው፦ ለተነቀለችው ጥርስ፣ ወይም ከመድኃኒት ቤት ለተገዛው አሞክሲሲሊን። ተመልሶ ሲመጣም ሕመምተኛው ሌላ ጥርስ እንደ ታመመ ያምናል። እኒያ ነጋዴ የመጀመሪያዋ ጥርስ ከወጣች በኋላ አምስት ወር አርፈው ነበር፤ ሁለተኛዋን በእምነት ያስነቀሉትም ስለዚህ ነው። ማንም በሞኝነት ሊከሳቸው አይችልም፤ ያዩትን አመኑ።

እስካሁን የተናገርሁት ነርቩ በራሱ ስለሚታመምበት ሁኔታ ነው። ከመነቀሉ የተነሣ ነርቭ የሚጎዳበት ሁኔታም አለ፤ ስለዚህኛው በከተማችን ብዙ አይነገርም። የታች ጥርሶች ነርቭ በመንጋጋው አጥንት ውስጥ በጠባብ ቦይ ያልፋል፤ ከዚያም በአገጭ አጠገብ ወጥቶ ለታችኛው ከንፈር ስሜት ይሰጣል። ከሁሉ በኋላ የምትበቅለው የመጨረሻዋ የታች መንጋጋ ሥሯ ከዚህ ቦይ ጋር ሊጠጋ፣ አንዳንድ ጊዜም ሊነካካ ይችላል። የምላስ ነርቭ ደግሞ በዚያው ጥግ በድዱ ሥር ያልፋል። እንግዲህ ይህች ጥርስ በምትነቀልበት ጊዜ ነርቩ ሊጨፈለቅ፣ ሊዘረጠጥ ወይም ሊቈረጥ ይችላል። ማደንዘዣው በጥቂት ሰዓት ውስጥ መልቀቅ አለበት፤ በማግስቱ ከንፈር፣ አገጭ ወይም ምላስ አሁንም የደነዘዘ እንደ ሆነ «ይለቅ ይሆናል» ብሎ መቀመጥ አይገባም። በዚያው ቀን ወደ ነቀለው ሐኪም ተመልሶ መንገርና ቀኑን ማስመዝገብ ያስፈልጋል። አብዛኛው ድንዛዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል። የማይመለሰውን ለመጠገን ግን ጊዜው አጭር ነው፤ ወራት ካለፉ በኋላ የሚደረግ ጥገና ውጤቱ ይቀንሳል። ከድንዛዜው ጋር መለብለብ ሲጨመር፣ ሕመምተኛው «ከንፈሬ በድን ነው፤ ግን ያመኛል» ይላል። ይህ አነጋገር ለሰሚው የማይታመን ይመስላል፤ ሐኪም ግን ሊጠራጠረው አይገባም፤ የተጎዳ ነርቭ ዋና ምልክት ነውና።

ከተነቀለ በኋላ ያለ ሕመም ሁሉ ግን የነርቭ አይደለም። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የሚጀምርና መጥፎ ሽታ ያለው ብርቱ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም ወጥቶ አጥንቱ ስለ ተጋለጠ የሚመጣ ነው። ይህ ወደ ሐኪም ተመልሶ ጉድጓዱን በማስጠረግና መድኃኒት በማስደረግ በቀናት ውስጥ የሚሻል ነገር ነው። ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ከሌላው ይልቅ ያገኛቸዋል።

አልማዝ ባለጭራ የወጣበትም ሰው ሊታሰብ ይገባዋል። ይህ ደዌ በፊት ላይ ሲወጣ የሚከተለው ይህንኑ አምስተኛውን ነርቭ ነው። ሽፍታው ሳይወጣ ቀደም ብሎ የጥርስ ሕመም የሚመስል ሥቃይ ሊሰማ ይችላል፤ ቍስሉ ከደረቀ በኋላም መለብለቡ ለወራት ይቀራል። በግንባርና በአፍንጫ ጫፍ የወጣ እንደ ሆነ ዓይንን ስለሚያሰጋ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት ግድ ነው።

ደግሞም ያለ ምክንያት አገጭና የታችኛው ከንፈር ቢደነዝዝ፣ ሕመሙ ከ40 ዓመት በታች በሆነ ሰው ላይ ቢነሣ፣ በሁለቱም ወገን ቢሆን፣ ወይም መስማትና ማየት አብሮ ቢደክም፣ የዕጢ ወይም የሌላ በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ዳገት ሲወጣ የሚጀምርና ሲያርፉ የሚተው የመንጋጋ ሕመም ከልብ ሊሆን ይችላል፤ ሳይተው ቢቀር፣ ወይም ላብና የትንፋሽ ማጠር ቢከተለው፣ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ጥርስ ነቃይ ፍለጋ መሄድ ሕይወት ያስከፍላል።

ይህን ሁሉ አንብቦ «እንግዲያው ጥርሴ ደኅና ነው፤ ነርቭ ይሆናል» ብሎ የበሰበሰ ጥርሱን ይዞ የሚቀመጥ አንባቢ ቢኖር ጽሑፌ ጎዳው እንጂ አልጠቀመውም። ብዙው የጥርስ ሕመም የጥርስ ነው። ጉንጭ ወይም አገጭ ሥር ያበጠ፣ ትኵሳት የያዘው፣ አፉን መክፈት ወይም መዋጥ ያቃተው ሰው፣ መግሉ ወደ አንገት ወርዶ ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላልና ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ስለ መድኃኒቱ ጥቂት ልበል። ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን ለጥርስ ሕመም ይረዳሉ፤ ለተጎዳ ነርቭ ግን እምብዛም አይጠቅሙም። ስለማይጠቅሙም ሕመምተኛው መጠኑን እየጨመረ ጨጓራውንና ኵላሊቱን ይጎዳል። ነጭ ሽንኩርት ጨቅጭቆ በድድ ላይ ማሰር ድዱን ያቃጥላል፤ ያቃጠለው ድድ በተራው ሌላ ሕመም ይሆናል። የአስተናግርን ዘር ጭስ መታጠን ደግሞ ተክሉ መርዝ ስለ ሆነ ሰውን ያስቀባጥራል፤ ከዚያም አልፎ ሕይወትን ያሰጋል። ለአምስተኛው ነርቭ ሕመም ፍቱን ሆኖ የተገኘው ካርባማዜፒን ነው። ስዊድናዊው ሐኪም ሲግፍሪድ ብሎም እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. ስለ ጠቃሚነቱ ጽፎ አስታወቀ፤ ዛሬም የመጀመሪያው ምርጫ እርሱ ነው። ይህ መድኃኒት ለሚጥል በሽታም የሚሰጥ ስለ ሆነ ብርቅ አይደለም። ሆኖም ከጎረቤት ተቀብሎ የሚዋጥ ነገር አይደለም። በትንሹ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ማዞርና እንቅልፍ ያመጣል፤ የወሊድ መቈጣጠሪያ እንክብልን ኀይል ያሳጣል፤ ለነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ምክር አይሰጥም። ቆዳ ላይ ሽፍታ ወይም በአፍ ውስጥ ቍስል ያወጣ እንደ ሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ሁልጊዜ ለሚለበልብ የተጎዳ ነርቭ አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን የሚባሉ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። መድኃኒት ላልያዘው ሰውም የደም ቧንቧውን ከነርቩ ላይ አንሥቶ በመካከሉ ልስልስ ነገር የሚያደርግ የአንጎል ቀዶ ሕክምና አለ፤ ይህ ግን ለብዙዎቹ አያስፈልግም።

በዚህ ነገር ጥፋቱን በጥርስ ነቃዩ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። ሕመምተኛው ራሱ «ንቀሉልኝ» ብሎ ይለምናል፤ ካልነቀሉለትም ወደ ሌላ ይሄዳል። በወረፋ የቆሙት ብዙ ናቸው፤ ለአንዱ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። ከመነቀልም ፈጥኖ የሚያልቅ ሥራ የለም። ሌላው ጥፋት ደግሞ የእኛ የጤና ሠራተኞች ነው፤ ራጁ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ «ምንም የለብዎትም፤ ጭንቀት ነው» ብለን እናሰናብታለን። ራጅ አጥንትንና ጥርስን ያሳያል እንጂ ነርቭን አያሳይም። ንጹሕ ራጅ ማለት ሕመሙ የለም ማለት ሳይሆን ጥርሱን አትንካ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከመምህራንና ማንበብና መጻፍ ከሚችሉ ሰዎች አንድ ሥራ እለምናለሁ። ብዙ ሕመምተኛ በሐኪም ፊት ሲቀርብ ደንግጦ «ጥርሴን» ብቻ ብሎ ዝም ይላል። ቤቱ ሳለ ግን ለጎረቤቱ ሁሉን ይናገራል። ጎረቤቱ ወይም ልጁ መጻፍ የሚችል ከሆነ በግማሽ ገጽ ይጻፍለት፦ ሕመሙ መቼ ጀመረ፣ የት ቦታ ነው፣ ምን ያህል ይቈያል፣ ምን ይቀሰቅሰዋል፣ ሌሊት ያነቃዋልን፣ የደነዘዘ ቦታ አለን፣ የትኞቹ ጥርሶች መቼ ተነቀሉ፣ ከተነቀሉስ በኋላ ምን ሆነ። ከሁሉም በላይ ሕመምተኛው የተናገረውን ቃል እንደ ተናገረው ይጻፍ። «ነዘረኝ» ካለ «ነዘረኝ» ተብሎ ይጻፍ፤ ጸሐፊው አሳምርለት ብሎ «ጥርሱን ያመዋል» አይበል።

እኒያ በርበሬ ነጋዴ ካርባማዜፒን በጀመሩ በሳምንቱ እንጀራ በልተዋል። ባለፈው ክረምት ሕመሙ ሊመለስ ሲጀምር ወደ እኔ የመጡት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጃቸው የጻፈችውን ወረቀት ይዘው ነው። በመጀመሪያው መስመር ላይ «አያቴ የቀኝ ጉንጭዋን ውሃ ሲነካት ይነዝራታል፤ ጥርስ እንዳትነቅሉባት» ይላል። ወረቀቱን ከካርዳቸው ጋር አያይዤዋለሁ።